ከምድጃው አጠገብ ያሉት ሁለት አልጋዎች

አፌ የተጣመመው በአሥረኛው ጨረቃ መጨረሻ ላይ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ከወንዙ ማዶ ባለ መንደር ሠርግ ነበረን። ሙሽራዋን ከአባቷ ደጅ እስከ አማቷ ደጅ ሱኦና የሚባለውን መለከቴን እየነፋሁ አደረስኳት፤ ከዚያም እንግዳው በልቶ እስኪጠግብ ስነፋ ዋልኩ። ስንመለስ ላብ በላብ እንደሆንኩ ከጭነት ሞተሩ ኋላ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ባሌ ላይዋንግ ከበሮውን እንዳቀፈ፣ "አንገትሽን ሸፍኚ" አለኝ።

"ሞቆኛል" አልኩት።

አንድ ሰዓት ሙሉ የተራራው ነፋስ ግራ ጆሮዬን ሲገርፈኝ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት የዳጉሳ አጥሚቴን ፉት ስል በግራ አፌ በኩል ወጥቶ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ላይዋንግ አይቶ ሳቀ።

"ደግሞ ዛሬ የማንን ፊት እያስመሰልሽ ነው?"

"የማንንም" ልለው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ቃል አይደለም። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ተነሥቶ መስታወት አመጣልኝ። ግራ ፊቴ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ዓይኔ አልከደን ብሏል። ግንባሬን ላኮማትር ስሞክር የሚሸበሸበው ቀኙ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን መልኬ ተበላሸ ብሎ ያለቅስ ይሆናል። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ መልኬን የሚፈልገው ሰው ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አይቶ ጠግቦታል። ያስለቀሰኝ ከንፈሬ ነው። የሱኦና የሸንበቆ ምላስ በከንፈር መሀል ጥብቅ ተደርጎ ካልተያዘ፣ ከመዳቡ አፍ የሚወጣው ዜማ ሳይሆን የጎማ እስትንፋስ ነው። ያን ቀን ጠዋት ሞክሬዋለሁ። የወጣው የጎማ እስትንፋስ ነው።

አባቴ ባይ ይባላል፤ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሱኦና ነፊ ነበር። ሴት ልጅ ሱኦና አትይዝም በሚባልበት ጊዜ፣ ጎረቤቱ እየሳቀበት እኔን አስተማረኝ። ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በእኛ ዘንድ ሦስተኛው ሙት ዓመት ትልቁ ነው፤ ሟች የመጨረሻውን ሽኝት የሚያገኘው ያን ቀን ነው። አባቴን ሌላ ሰው ነፍቶ እንዲሸኘው አልፈልግም ነበር። እኔ ልነፋለት ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ላይዋንግ ከተማ ይዞኝ ሄደ። ከእህል ገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ጋሼ ሺንግ የሚባሉ የመርፌ ሐኪም አሉ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ አጭር ናቸው፤ እጃቸው በብርድም ቀን ይሞቃል። ፊቴን አዩ፣ ሁለቱንም እጆቼን እንዳነሳ አዘዙኝ፣ ምላሴን አዩ። መርፌ ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ በሩን አሳዩኝ።

"ሆስፒታል ሂጂ።"

"ጋሼ፣ የመጣሁት ወደ እርስዎ እኮ ነው" አልኩ፤ ግማሹን ላይዋንግ ተረጎመልኝ።

"ነገሩ ከጭንቅላት ከሆነ የኔ ሥራ አይደለም። እነሱ ይዩሽ፣ የሚሰጡሽን ኪኒን ዋጪ፣ ነገ ተመለሺ።"

ሆስፒታል አዩኝ። ጭንቅላቴ ደኅና ነው፤ የፊቴ ነርቭ አብጧል አሉ፤ የአንድ ሳምንት ኪኒን ሰጡኝ። በማግስቱ ተመልሼ ጋሼ ሺንግ ፊት ቆምኩ።

"ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ" አሉኝ። "ይሄ በሽታ በራሱ ጊዜ የሚሻለው ሰው ብዙ ነው። መርፌው የሚረዳውም አለ። የቱ በራሱ እንደዳነ፣ የቱን እኔ እንዳዳንኩ እኔም አላውቅም። አውቃለሁ የሚልሽ ካለ ልቡ ሌላ ነገር ላይ ነው።"

"ሰባት ሳምንት ነው ያለኝ።"

"ለፊትሽ ንገሪው፤ እኔን አይሰማኝም።"

ክፍሉ ውስጥ አምስት አልጋ አለ። መሀል ላይ የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ሁልጊዜ የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ። ግድግዳው ምስጋና በወርቅ ክር በተጻፈባቸው ቀያይ ባንዲራዎች ተሸፍኗል። ጋሼ ሺንግ ከምድጃው አጠገብ ካሉት ሁለት አልጋዎች አንዱ ላይ አስተኙኝ፤ ነፋስ የመታው ሰው ሙቀት አይለየው ብለው። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቴን እምብዛም አልነኩትም። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል፣ ከጉልበቴም በታች መርፌ ሰኩልኝ።

"መጣ?" ይሉኛል መርፌውን በጣታቸው እያሽከረከሩ።

የሚመጣው ሕመም አይደለም። ሩቅ መንገድ ውሃ ተሸክማችሁ ስታወርዱት ክንዳችሁ ላይ የሚቀረው ዓይነት ክብደት ነው። ሲመጣ "መጣ" እላለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሌላው ሰው ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ንቅንቅ የለም።

በሦስተኛው ቀን፣ መርፌዬ ሁሉ ከተሰካ በኋላ፣ በሩ ተከፈተና ሩይሄ ገባ።

ሩይሄን ላስተዋውቃችሁ። በአሥራ አንድ ዓመቱ ሱኦና ሊማር ቤታችን መጥቶ አሥራ ስምንት ዓመት አብሮን የኖረ የአባቴ ተማሪ ነው። አንድ ሳህን ላይ በልተናል፤ አንድ ዱላ ቀምሰናል። አባቴን "የኔታ" ይለው ነበር። ከዚያ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ኤሌክትሪክ ፒያኖና የሰው ቁመት የሚያህል ድምፅ ማጉያ ይዞ የራሱን ቡድን አቋቋመ። አገሩ ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ፤ የእኛ ቡድን በስንት ወር አንድ ሠርግ የሚያገኝበት ጊዜ መጣ። አባቴ ምንም አላለም። ጓዙን ጠቅልዬ በአጥር ላይ የወረወርኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሲሞትም፣ "ደጃችን ብትደርስ ሱኦናህን በጉልበቴ እሰብረዋለሁ" ብዬ መልእክት ላክሁበት። አልመጣም። ባለመምጣቱ ደግሞ አስተማሪውን ለመቅበር እንኳን ያልመጣ ብዬ ስሙን ሳጠፋ ሦስት ዓመት ኖርኩ።

እሱም አየኝ። ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ጋሼ ሺንግ ጃኬቱን ያዙት።

"የት ነው? አርፈህ ተኛ። ያቺ ሁለተኛዋ አልጋ ያንተ ናት፤ ትከሻህ ሙቀት ይፈልጋል።"

ቀኝ ትከሻው ደርቆበታል፤ እጁን ከደረቱ በላይ ማንሳት አቅቶት ነበር። ልነሳ አሰብኩ፤ ግን እጄ ላይ ሁለት፣ እግሬ ላይ አራት፣ ጆሮዬ ሥር አንድ መርፌ አለ። እንደተጋደምኩ ቀረሁ። ወዲያው እሱም በሆዱ ተኝቶ ትከሻው ጃርት መሰለ። በመሀላችን ከአንድ ክንድ የማይሰፋ ቦታ ነው ያለው።

በሦስተኛው አልጋ ለጉልበቷ የምትታከም የቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሻጭ አለች፤ እትዬ ቻንግ ይሏታል። ዝምታ የማትወድ ሴት ናት።

"ትተዋወቃላችሁ መሰለኝ" አለች።

"አንተዋወቅም" አልኩ።

"ምነው ታዲያ እንደ ተጣላ ድመት ጀርባ ሰጣችሁ?"

"ድምፅ ማጉያው ነው ትከሻውን የሰበረው" አልኩ። "ቅጣት ነው።" 'ማጉያ' የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተልፈስፍሶ ወጣ።

"አንቺን ደግሞ ምን ቀጣሽ?" አለ ሩይሄ ትራሱ ውስጥ።

"አፍህን ዝጋ!" ልለው ነበር፤ "አህህን ዝጋ" ሆነ። እትዬ ቻንግ ሳቋን መቆጣጠር ተሳናት። ሩይሄም ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መርፌዎቹ ሁሉ አብረው ተወዛወዙ።

"የሚስቅ ሰው መርፌ ይጎብጥበታል!" ብለው ጮኹ ጋሼ ሺንግ። "ሁላችሁም ዝም!"

እንዲህ ሆነን ሁለት ሳምንት አለፈ። በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አልጋ። አልጋ ቀይሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። "ከምድጃው አጠገብ ያለው ሁለት አልጋ ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ከየት ላምጣልሽ?" አሉኝ። ላይዋንግ ማታ ማታ የማይከደነውን ዓይኔን በፕላስተር እየለጠፈ፣ "ተናግሮሽ ነው ዛሬ?" ይለኛል። እግሬን በሞቀ የአሪቲ ውሃ እነክራለሁ፤ ጋሼ ሺንግ ያዘዙት ነው። በብርድ ወራት በጊዜ ተኚ፣ ፀሐይ ሳትወጣ አትነሺ፣ ዝንጅብል ጠጪ፣ አትቆጪ ብለውኛል። መጨረሻው ነው የከበደኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ሺንግ መርፌውን ወደ ፊቴ አመጡት። ጉንጬ ላይ ክር የሚያህሉ ቀጫጭን መርፌዎች ሰክተው ሲጨርሱ፣ የተጠቀለለ የደረቀ አሪቲ በእሳት ለኩሰው ጆሮዬ ሥር ያዙት፤ ሳያቃጥል የሚያሞቅ። ጭሱ አፍንጫዬ ገባ። እኔም ሳላስበው፣ "አባቴ አባቴ ሸተተኝ" አልኩ።

የአባቴ የሙቀት ወራት ሸሚዝ ነበር እንዲህ የሚሸተው። እህቱ ዘንድ ሰንብቶ ሲመጣ ሁልጊዜ ይህን ይሸት ነበር፤ አክስቴ ለትንኝ የምታጨሰው ይመስለኝ ነበር።

"እንዴት አይሸትሽ?" አለች እትዬ ቻንግ። "ሦስት የሙቀት ወራት እዚችው አልጋሽ ላይ አይደል እንዴ በሆዱ ተኝቶ የኖረው!"

ማንቆርቆሪያው ያፏጫል። ጋሼ ሺንግ ወደ ሩይሄ አዩ። ሩይሄ ወደ ግድግዳው።

"የማን አባት?" አልኩ።

"ንገራት" አሉት ጋሼ ሺንግ። "እኔ የታማሚ ነገር ከዚህ ክፍል አላወጣም። አንተ ግን የራስህን መናገር ትችላለህ።"

ሩይሄ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

"ሳሉን ታስታውሻለሽ" አለ። "ያ ብርድ በገባ ቁጥር እስኪነጋ የሚያስለው። አንድ ቀን ገበያ አገኘሁት፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። ጋሼ ሺንግ ዘንድ አመጣሁት። እሳቸው ደግሞ፣ የብርድን ሳል በብርድ ወራት አልነካም፤ ፀሐይዋ ድንጋይ የምታበስልበት ጊዜ ሲመጣ፣ ሰውነቱ ሲከፈት አምጣው አሉኝ። አመጣሁት። ጀርባው ላይ መድኃኒት ይለጥፉለታል፣ አሪቲ ያጤሱለታል። ሦስት ዓመት ተመላለስን።"

"አክስቴ ዘንድ ነበር የሚሄደው።"

"ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ሞተሬን ይዤ እጠብቀው ነበር። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ እንደ ሌባ ዞር ዞር እያለ ይመጣል። የኔታ፣ ለምን አንነግራትም አልኩት። 'ዩንሺያ ከሰማች ሞተርህን ታቃጥላለች፤ እኔ ደግሞ በእግሬ መሄድ አልችልም' አለኝ።"

እውነቱን ነው፤ አቃጥለው ነበር።

በመጨረሻዎቹ የብርድ ወራት ሳሉ ቀልሎለት ነበር። በመጨረሻው ዓመት ተቀምጦ ሙሉ ዜማ መንፋት ችሎ ነበር። እኔ ከስኳር ጋር በእንፋሎት የማበስልለት የሸክኒት ፍሬ ያዳነው መስሎኝ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ያን እያስተማርኩ ኖርኩ። የገደለው ልቡ ነው፤ ሳሉ አይደለም።

"ለቀብሩስ?" አልኩ።

"ጡብ ፋብሪካው ድረስ መጣሁ። ሱኦናዬን ትሰብሪያለሽ ብዬ ፈርቼ አይደለም" አለ። "በሟች ፊት ጠብ እንዳይነሳ ነው። ሬሳው ኮረብታውን ወጥቶ እስኪሰወር ቆሜ አየሁና ተመለስኩ።"

ግራ ዓይኔ አልከደን ስላለ ለሦስት ሳምንት ያለ ምክንያት ሲያነባ ሰንብቷል፤ ማንም ከቁብ አይቆጥረውም። ያን ቀን ያጋለጠኝ ቀኙ ነው። ጋሼ ሺንግ መሐረባቸውን አውጥተው፣ ጉንጬ ላይ ባሉት መርፌዎች መሀል ቀስ ብለው እንባዬን ጠረጉልኝ።

ያን ቀን ይቅርታ አልጠየቅሁትም። በማግስቱ ግን ቀድሜው መጥቼ የእሱን ትራስ ወደ ምድጃው አስጠጋሁለት። ሲገባ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ተኛ። መርፌው ሁሉ ከተሰካ በኋላ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"በአሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ በሃያኛው ቀን ሙት ዓመቱ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ከንፈሬ እስከዚያ ላይደርስልኝ ይችላል። ብትነፋለት... ብዬ ነው።"

"ምን አልሽ? አልሰማሁም።"

"ብትነፋለት!"

"ያ 'ብ' አልወጣልሽም፤ ድገሚው እስቲ።"

"ሩይሄ፣ ከዚህ አልጋ ስነሳ መርፌዎቹን ሁሉ ነቅዬ አንተ ላይ ነው የምሰካቸው!"

"አሁን ሰማሁ" አለ። "ድምፅ ማጉያውን ቤት ትቼው እመጣለሁ።"

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ግማሽ ሰዓቱ አጠረብን። መርፌ ተሰክቶብን የአባቴን ዜማዎች በጉሮሯችን እናንጎራጉራለን፤ እሱ የረሳውን እኔ አስታውሰዋለሁ፤ እኔ የማላውቀውን፣ አባቴ በሞተሩ ላይ ሆኖ ያስተማረውን፣ እሱ ይሰጠኛል። ሁለት አዲስ ዜማ ከአባቴ ያገኘሁት ሞቶ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ቀን በዓል እትዬ ቻንግ ጂያኦዚ፣ በቶፉና በጎመን የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ፣ አምጥታ አበላችን። እኔ አንድ ዋጥኩ፣ ምንም ከአፌ አላመለጠም። "አየሽው!" ብላ ጮኸች፤ ራሷ ያዳነችኝ ያህል። በማግስቱ ዓይኔ ተከደነ። ላይዋንግ ፕላስተሩን በእጁ እንደያዘ አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ጠዋቱ ጥርት ያለ ብርድ ነው። የሐዘን ነጭ ልብሴን ለብሼ፣ አንገቴን እስከ ጆሮዬ ጠቅልዬ፣ በመንደሩ መግቢያ ቆምኩ። የሟች ልጅ እንግዳን ተንበርክካ መቀበል አለባት። ሩይሄ ሱኦናውን በጨርቅ ጠቅልሎ በእግሩ መጣ። ሰፈርተኛው ሁሉ ምን እንደምናደርግ ለማየት ቆሟል፤ ማን የማንን ጓዝ በአጥር ላይ እንደወረወረ የማያስታውስ የለም። እኔ በብርዱ አፈር ላይ ተንበርክኬ ግንባሬን መሬት አስነካሁ።

"አባቴን ስላስታመምክልኝ" አልኩ። "ለቀብሩ ስለከለከልኩህ ደግሞ ይቅር በለኝ።"

ሁሉም ቃል ከነፊደሉ ወጣ። ሩይሄ ሊያነሳኝ ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ፤ ቀኙም ተዘረጋለት።

"ተነሺ እህቴ፣ ጉልበትሽን ብርድ ይመታዋል። ከዚያ ደግሞ ጋሼ ሺንግ ሌላ አልጋ የላቸውም።"

ኮረብታውን ስንወጣ እሱ ዜማውን መራ፣ እኔ ከሥር በዝቅተኛው ድምፅ ተከተልኩት፣ ላይዋንግ ከበሮውን መታ። ጥሩ ነፋሁ አልላችሁም። ረጅሙን እስትንፋስ ስይዝ ግራ ከንፈሬ ጠርዝ ላይ አየር ያመልጥ ነበር። ሩይሄ ሰማው፤ ዘገም አለልኝ። እኔ በምተነፍስበት ይተነፍስ ጀመር። ከመቃብሩ ፊት አባቴ በሞተር ላይ ያስተማረውን ዜማ ነፋን። ሽማግሌዎቹ ይህን ከባይ አፍ ሰምተነው አናውቅም ተባባሉ።

ለጋሼ ሺንግ እኔም ቀይ ባንዲራ አሰፍቼ ይዤ ሄድኩ። ግድግዳው ሞልቶ ስለነበር ወንበር ላይ ወጥተው በሩ አናት ላይ ሰቀሉት። "የተሻለሽ በራሱ ሊሆን ይችላል አላልኩሽም?" አሉኝ።

"ፊቴ ሊሆን ይችላል" አልኳቸው። "ሌላው ግን በራሱ አይድንም ነበር።"

ሆን ብለው ይሆን ያን ሰው ጎኔ ያስተኙት? ጠየቅኋቸው። ማንቆርቆሪያውን አንስተው ሻይ ቀዱልኝ።

አሁን ስደክም ግራ ቅንድቤ ትንሽ ወደ ታች ትላለች፤ ትኩስ ኑድል ስበላ ያ ዓይኔ ያነባል። ሌላው ሁሉ ተመልሷል። የዘንድሮ የሙቀት ወራት ሲገባ ሦስታችን፣ እኔ፣ ላይዋንግና ሩይሄ፣ በጠዋት ተነሥተን ጀርባችን ላይ መድኃኒት ልናስለጥፍ ጋሼ ሺንግ ደጅ ተሰለፍን። ሰልፉ እስከ እህል ገበያው ደርሷል። ሩይሄ ከፊቱ ካለው ሰው ጋር በቦታ ይጨቃጨቃል፤ ላይዋንግ ባርኔጣውን አውልቆ ያናፍሰኛል። ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ አናታችንን ታቃጥል ጀመር። ለሁለቱም፣ በሩን ለሚከፍቱልን ሽማግሌም፣ በየቀኑ እድሜ እለምንላቸዋለሁ።